ከተጣለ ስልክ እስከ ሰለሞን ባረጋ አንገት፦ የቶኪዮ 2020 ሜዳሊያ ወርቅ ጉዳይ ጥናት

ሐምሌ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ባረጋ የቶኪዮውን የ10,000 ሜትር ሩጫ በ27 ደቂቃ ከ43.22 ሰከንድ አሸነፈ። ሜዳሊያውንም በኮቪድ ምክንያት ከትሪ ላይ ራሱ አንስቶ አጠለቀ። ክብደቱ 556 ግራም ነው። ስሙ የወርቅ ሜዳሊያ ይባል እንጂ ወርቁ ከ6 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የቀረው ንጹሕ ብር ነው። ያ 6 ግራም ደግሞ ከማዕድን ጉድጓድ የወጣ ሳይሆን፣ ጃፓኖች ከጣሏቸው ስልኮችና ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የተነጠረ ነው። በዕቃዎቹ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ (ቦርድ) ላይ ስስ ልባጥ ሆኖ የኖረ ወርቅ ተገፎ፣ ቀልጦ፣ ነጥሮ ተመልሶ ልባጥ ሆነ። በቅኔ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ነው፤ እዚህ ግን ቦታ ተለዋውጠዋል።

ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በወርቅ የተለበጠ ቁርጥራጭ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚጠይቀው “ወርቁ በምን አሲድ ይወጣል?” ብሎ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ከመቶ ዓመት በፊትም የታወቀ ነበር። ሥራውን የሚያከብደው ከወርቁ ሥር ያለው መዳብ፣ ኒኬልና ቆርቆሮ ምን ይደረግ የሚለው ነው። ጃፓን ለዚህ ጥያቄ የሰጠችው መልስ በጓሮ በባልዲ ከሚሠራው ፈጽሞ የተለየ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል።

ልባጡ ምን ያህል ስስ ነው?

በስልክም ሆነ በኮምፒውተር ውስጥ ወርቅ የሚገኘው በጥቂት ቦታዎች ነው፦ በራም (በኮምፒውተር የማስታወሻ ሰሌዳ) ጠርዝ ላይ በተደረደሩት ቢጫ ጥርሶች፣ በሲም ካርድና በባትሪ መገናኛዎች፣ በኮኔክተር ፒኖች፣ በቦርዱ የመበየጃ ነጥቦች ላይ በተቀባው እጅግ ስስ ሽፋን እና በቺፕ ውስጥ ባሉት ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎች። በአብዛኞቹ ላይ ከወርቁ ሥር የኒኬል ንብርብር አለ፤ እሱ ባይኖር መዳቡ ቀስ በቀስ ወደ ወርቁ ዘልቆ መገናኛውን ያበላሸው ነበር።

ደጋግሞ ለሚሰካና ለሚነቀል የጠርዝ ጥርስ የተለመደው የወርቅ ውፍረት 0.76 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የወርቅ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ስለሆነ፣ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር እንዲህ ያለ ልባጥ 1.5 ሚሊ ግራም ግድም ወርቅ ይይዛል። አንድ ግራም ለማግኘት 680 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 26 በ26 የሆነ ሙሉ ቢጫ ሰሌዳ መገፈፍ አለበት። የመበየጃ ነጥቦቹ ላይ ያለው ሽፋን ደግሞ 0.05 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ካሬ ሜትር ተገፎ አንድ ግራም አይሞላም። ሁለቱም ለዓይን እኩል ቢጫ ናቸው። ቦርድ በኪሎ የሚገዛ ሰው የሚከስረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው፤ በቀለሙ ብዛት ይገምታል፣ ውፍረቱ ግን አይታየውም።

አሁን ሜዳሊያውን በዚሁ ሚዛን እንየው። ስፋቱ 85 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ በሳሳው በኩል 7.7፣ በወፈረው በኩል 12.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱ ፊቶችና ጠርዙ ሲደመሩ 140 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናሉ። 6 ግራም ወርቅ በዚህ ላይ እኩል ቢነጠፍ 22 ማይክሮን ይወፍራል። ከራም ጥርስ 30 እጥፍ፣ ከመበየጃ ነጥቡ ሽፋን ደግሞ ከ400 እጥፍ በላይ ማለት ነው። በአንድ ተራ ስልክ ውስጥ 0.03 ግራም ያህል ወርቅ አለ ብለን ብንነሣ ለአንድ ሜዳሊያ ልባጥ 200 ስልክ ያስፈልጋል፤ ያውም ጠብታ ሳይባክን።

መሰብሰቡ

ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። ጃፓን 28 ዓይነት ትንንሽ የቤት ዕቃዎችን የሚመለከት የመልሶ ጥቅም ሕግ ከ2013 ሚያዝያ ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። ከዚያም ቀደም ብሎ በ2008 የጃፓን ብሔራዊ የቁሶች ሳይንስ ተቋም በአገሪቱ ዕቃዎች ውስጥ የተከማቸውን ወርቅ 6,800 ቶን ብሎ ገምቶት ነበር፤ “የከተማ ማዕድን” የሚለው አባባል በጃፓን ሥር የሰደደው በዚህ ዓይነቱ ስሌት ነው። ሰብሳቢ ማዘጋጃ ቤት፣ ፈቃድ ያለው ፈቺ ድርጅትና ማቅለጫ አስቀድመው ነበሩ። የጎደለው ሕዝቡ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈውን ስልክ ማስወጣት ነበር።

የሜዳሊያው ፕሮጀክት በ2017 ሚያዝያ 1 ተጀምሮ በ2019 መጋቢት 31 ተዘጋ። በሁለቱ ዓመታት ማዘጋጃ ቤቶች 78,985 ቶን ዕቃ ሰበሰቡ፤ የስልክ ኩባንያው የኤንቲቲ ዶኮሞ ሱቆች ደግሞ 6.21 ሚሊዮን ስልክ ተቀበሉ። ሲጠናቀቅ 1,621 የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ከአገሪቱ ከመቶ ዘጠናው በላይ ማለት ነው፣ ተሳትፈው ነበር።

ስልክ ከመሳቢያ የማይወጣው አንዱ ምክንያት ባለቤቱ ፎቶውና መልእክቱ ሰው እጅ ይገባል ብሎ ስለሚፈራ ነው። መፍትሔው ተራ ነው፤ ስልኩን ባለቤቱ እያየ በመሣሪያ መብሳት። ይህ ለሠራተኛው ሌላ ጣጣ ያመጣል። ባትሪው ሳይወጣ የተበሳ ስልክ ሊቀጣጠል ይችላል፤ አብጦ የቆየ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ሲፈታም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ሰንሰለት የመጀመሪያው እርምጃ ምንጊዜም ባትሪ ማውጣት ነው። ባትሪ ተደብቆበት ወደ መፍጫ የገባ አንድ ዕቃ ሙሉውን ክምር በእሳት ሊያያይዝ ይችላል።

አዘጋጆቹ መጀመሪያ የገመቱት 8 ቶን ያህል ብረታ ብረት ተገኝቶ፣ በማምረት ሂደት ውስጥ አልፎ 2 ቶን ያህሉ 5,000 ሜዳሊያ እንዲሆን ነበር። በኋላ ዒላማው 30.3 ኪሎ ወርቅ፣ 4,100 ኪሎ ብርና 2,700 ኪሎ ነሐስ ሆነ። ነሐሱ በ2018 ሰኔ ሞላ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወርቁ 28.4 ኪሎ፣ ማለትም ከመቶ 93.7 ደርሶ ነበር፤ ብሩ ግን 3,500 ኪሎ፣ ከመቶ 85.4 ላይ ነበር። በመጨረሻ የተገለጸው መጠን 32 ኪሎ ወርቅና 3,500 ኪሎ ብር ነው። ወርቁ ከዒላማው አለፈ፤ ብሩ ያው 3,500 ላይ ተገኘ።

ሁሉም ስለ ወርቅ ሲያወራ ኋላ የቀረው ብር መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የወርቅ ሜዳሊያውም የብር ሜዳሊያውም አካል ብር ነው። ዒላማው ለአንድ ግራም ወርቅ 135 ግራም ብር ይጠይቃል። በስልክ ውስጥ ግን ብር የወርቁ አሥር እጥፍ ግድም ነው፤ እሱም በመበየጃው ቆርቆሮ፣ በመገናኛዎችና በአንዳንድ ካፓሲተሮች ላይ ተበታትኖ ይገኛል። እርሳስ አልባው የተለመደ መበየጃ 3 በመቶ ብር አለበት። ስልክ ብቻ ሰብስቦ ብሩን ለመሙላት የሚሞክር ሰው ከሚፈልገው በላይ ወርቅ ይዞ ብር ፍለጋ ይዞራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የስሌት ስህተት አለ። 32 ኪሎውን ለ78,985 ቶን አካፍሎ “ከቶን 0.4 ግራም ብቻ ነው የተገኘው” የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ የምርት መጠን አይደለም። 6.21 ሚሊዮን ስልክ በ0.03 ግራም ሲባዛ ብቻውን 180 ኪሎ ያልፋል። 32 ኪሎው ለሜዳሊያ የተዘጋጀው ነው እንጂ በተሰበሰበው ሁሉ ውስጥ የነበረው ወርቅ አይደለም። ቶኑም ቢሆን የቤት ዕቃውን ሁሉ፣ ወርቅ የሌለውን ፕላስቲክና ብረት ጨምሮ የሚቆጥር ነው። የባትሪ ክብደት ሲቀነስ አንድ ቶን ስልክ ወደ 300 ግራም ወርቅ ይይዛል፤ አንድ ቶን ጥሩ የወርቅ ማዕድን ድንጋይ ግን በጥቂት ግራም ይቆጠራል።

ከመፍቻ እስከ ማቅለጫ

ዕቃው ሲፈታ ዋናው ጥበብ ቦርዱን ሳይፈጩ ማውጣት ነው። ሙሉ ዕቃ መፍጫ ውስጥ ሲገባ ወርቁ በስሱ የተለበጠ ስለሆነ ይፈገፈግና ከአቧራው ጋር ይሄዳል፤ ጥቂቱም በማግኔት ከሚለየው ብረትና ከአልሙኒየሙ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። እነዚያ ወደ ብረትና ወደ አልሙኒየም ማቅለጫ ስለሚሄዱ በላያቸው ያለው ወርቅ ዳግም አይገኝም። እጅ በዚህ ደረጃ ማሽንን ይበልጣል። ጠመዝማዛ ብሎን ፈትቶ ቦርዱን በሙሉነቱ የሚያወጣ ሠራተኛ የሚያድነውን ወርቅ ምንም የኬሚስትሪ ብልሃት ኋላ ላይ አይመልሰውም።

ቦርዱ ከዚያ ወደ መዳብ ማቅለጫ ይሄዳል። ጃፓን በአኪታ ያለውን የኮሳካን፣ በካጋዋ ያለውን የናኦሺማን የመሳሰሉ የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ የሚቀበሉ የመዳብ ማቅለጫዎች አሏት። እንዲህ ባለ ምድጃ፣ 1,200 ዲግሪን በሚያልፍ ሙቀት፣ የቦርዱ ፕላስቲክ ነዳጅ ይሆናል፤ የመስታወት ክሩ፣ አልሙኒየሙና ብረቱ ከቀለጠው መዳብ በላይ ወደሚንሳፈፈው ቆሻሻ፣ ወደ ጥቀርሻው ይሄዳሉ፤ ወርቅ፣ ብርና ፓላዲየም ግን ቀልጦ ወደ ታች በሚወርደው መዳብ ውስጥ ይሟሟሉ። መዳብ እዚህ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ ሰብሳቢ ይሆናል። በአሲድ መንገድ ጠላት የሆነው ነገር በእሳቱ መንገድ ወርቁን ተሸክሞ የሚያደርስ በቅሎ ነው።

የሚበላሸውም የሚበላሸው በዚሁ ደረጃ ነው። አልሙኒየም ከበዛ ጥቀርሻው ይወፍርና እንደ ገንፎ ይሆናል፤ የመዳብ ጠብታዎች ሳይወርዱ ውስጡ ይቀራሉ፣ ከነሱም ጋር ወርቁ። ስለዚህ ከቦርድ ላይ የሙቀት ማቀዝቀዣ አልሙኒየሙን መንቀል ተራ የጽዳት ሥራ አይደለም። ቦርዱ እሳት እንዳይዝ የተጨመረበት ብሮሚን ደግሞ በዝግታ በሚቀዘቅዝ ጭስ ውስጥ ዳይኦክሲን መሰል መርዝ ይፈጥራል፤ ማቅለጫው ጭሱን ከምድጃው ከፍተኛ ሙቀት በቅጽበት የሚያቀዘቅዘው ለዚህ ነው። በሜዳ ላይ ቦርድ የሚያቃጥል ሰው በትክክል ተቃራኒውን ያደርጋል፤ በዝቅተኛ ሙቀት፣ በዝግታ፣ አፍንጫው ሥር።

የወጣው መዳብ በሰሌዳ መልክ ተቀርጾ በመዳብ ሰልፌትና በሰልፈሪክ አሲድ ገንዳ ውስጥ፣ 60 ዲግሪ አካባቢ፣ በ0.3 ቮልት ገደማ ኤሌክትሪክ ይሟሟል። መዳቡ ወደ ሌላው ሰሌዳ ተሻግሮ ከመቶ 99.99 ንጹሕ ሆኖ ይለብጣል። ኒኬሉ ሟሙቶ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። ወርቁና ብሩ በዚያ ቮልት መሟሟት ስለማይችሉ እንደ ጭቃ ይዘቅጣሉ። ሠራተኞቹ “የአኖድ ዝቃጭ” የሚሉት ይህ ነው፤ መልኩ ጥቁር ጭቃ ነው፣ የማያውቅ ሰው ቢያየው ይደፋዋል። ዝቃጩ ከቀረው መዳብ ከጸዳ በኋላ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ክሎሪን ጋዝ ይነፋበታል። ወርቁ ይሟሟል፤ ብሩ ነጭ የብር ክሎራይድ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ የሚለያዩት በዚህች አንዲት እርምጃ ነው። ወርቁ በማሟሚያ ዘይት ተመርጦ ተስቦ በኦክሳሊክ አሲድ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል፤ ብሩ ደግሞ ከክሎሪኑ ተላቆ ተመልሶ ብር ከሆነ በኋላ በራሱ ኤሌክትሪክ ገንዳ ይነጥራል።

ይህ ሁሉ ሳምንታትን ይፈጃል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ወርቁ ምድጃና ገንዳ ውስጥ የተያዘ ገንዘብ ነው፤ ትንሽ ድርጅት በዚህ መንገድ መግባት የማይችለው ከምድጃው ዋጋ በተጨማሪ ለዚህም ነው።

ለምን በአሲድ ብቻ አልተሠራም?

ለአንድ ቶን ቦርድ ሒሳቡን እንሥራ። መዳቡ 200 ኪሎ ይሁን። አንድ ኪሎ መዳብ በሃይድሮክሎሪክ አሲድና በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለማሟሟት 37 በመቶ የሆነ አሲድ 2.6 ሊትር ይፈልጋል፤ የሚተርፈውም 2.1 ኪሎ የመዳብ ክሎራይድ ነው። ለአንድ ቶን 525 ሊትር ከባድ አሲድና ከ420 ኪሎ በላይ መርዛማ ጨው ይሆናል ማለት ነው፤ ሁሉም ጥቂት መቶ ግራም ወርቅ ለማግኘት። ኒኬሉ፣ ቆርቆሮውና እርሳሱ አልተቆጠሩም። በቻይና ጓንግዶንግ ግዛት በጉዪዩ ከተማ ለዓመታት የተሠራው ይህ ነበር፤ በወንዝ ዳር የአሲድ ገንዳ። በ2007 በወጣ ጥናት የከተማዋ ሕፃናት ደም በዴሲ ሊትር በአማካይ 15.3 ማይክሮ ግራም እርሳስ ተገኘበት፤ በጎረቤት ከተማ በቼንዲያን 9.94 ነበር። ወርክሾፖቹ በ2015 ወደ ኢንዱስትሪ ፓርክ እንዲገቡ ተገደዱ።

አሲድ ቦታው የለም ማለት ግን አይደለም። መዳቡ ትንሽ፣ ልባጡ ወፍራም በሆነበት፣ ማለትም ተቆርጠው በተለዩ የራም ጥርሶች ላይ፣ የገፈፋ መንገድ ያስኬዳል። ጥርሱ በመስታወት ክር ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ መዳቡ ስስ ነው፤ እሱ ሲሟሟ ወርቁ እንደ ቅርፊት ተገፎ ይንሳፈፋል። ሥራው የሚሠራው ከቤት ውጭ ወይም ጭስ በሚስብ መከለያ ሥር፣ በአሲድ ጓንትና በዓይን መከለያ ነው፤ የወጥ ቤት ዕቃ ፈጽሞ አይነካውም።

ጥርሶቹ ቺፕና መበየጃ ሳይኖርባቸው ይቆረጣሉ። በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ 32 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሁለት እጅ፣ በፋርማሲ የሚሸጠው ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ አንድ እጅ ተደርጎ እስኪሸፍናቸው ይጨመራል። ፈሳሹ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ራሱ የመዳብ ክሎራይዱ ነው፤ መዳብ ይበላል፣ ሲደክም ይጠቁራል፣ አየር ሲያገኝ ይታደሳል። በዓሣ ማርቢያ ፓምፕ አየር መንፋት ይበቃዋል፤ በቀናት ይጨርሳል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ፐርኦክሳይድ ደጋግሞ ይጨምራል። ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ስህተት ነው። ትርፍ ፐርኦክሳይድ ወርቁን ራሱን ጥቂት በጥቂት ያሟሟል፤ ያልተበላ መዳብ ካለ ተመልሶ በላዩ ላይ እንደ ጥቁር ትቢያ ይቀመጣል፣ መዳቡ ካለቀ ግን ከፈሳሹ ጋር ይደፋል።

ቅርፊቱ ተጣርቶ ሲታጠብ ሁለተኛው ስህተት ይመጣል። በቀጥታ ውሃ ከተጨመረ ፈሳሹ ይነጣል፤ ሌላ ዓይነት የመዳብ ክሎራይድ ነጭ ዱቄት ሆኖ ቅርፊቱን ይሸፍነዋል። ብር ነው ብሎ የሚደሰት አለ። መጀመሪያ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በውሃ ማጠብ ያስቀረዋል።

ቅርፊቱን የሚያሟሟው አኳ ሪጂያ፣ የሁለት አሲዶች ድብልቅ፣ ነው። ለአንድ ግራም ወርቅ 4 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክና 1 ሚሊ ሊትር ናይትሪክ አሲድ ይበቃል፤ ናይትሪኩ በአንድ ጊዜ አይደፋም፣ በጠብታ እየታየ ነው። የሚወጣው ቡናማ ጭስ ሳንባን የሚጎዳው ወዲያው ላይሆን ይችላል፤ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ቤቱ ከገባ ከሰዓታት በኋላ መተንፈስ ሊያቅተው ይችላል። ትርፍ ናይትሪክ ከቀረ ወርቁን ማውረድ አይቻልም፤ የሚጨመረውን ሁሉ ይበላል፣ የወረደውንም መልሶ ያሟሟል። ትርፉ ናይትሪክ በሰልፋሚክ አሲድ ይጠፋል። ከዚያ ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ይጨመራል፤ በስሌት ለአንድ ግራም ወርቅ 0.72 ግራም ይበቃል፣ በተግባር ከ1 እስከ 1.5 ግራም ይወስዳል። ወርቁ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይወርዳል። ፈሳሹ ውስጥ ወርቅ መቅረት አለመቅረቱ የሚታወቀው በቆርቆሮ ክሎራይድ ጠብታ ነው፤ ሐምራዊ ወይም ጥቁር ካደረገው ወርቅ አለ፣ ፈሳሹም አይደፋም።

ይህ መፈተሻ በራሱ ስለ ሦስተኛው ስህተት ይናገራል። ከመጀመሪያው መበየጃ ያልተለየለት ሰው ባልዲው ውስጥ ቆርቆሮ አለው፤ ቆርቆሮው ወርቁን እንደዚያው ሐምራዊ ደለል ያደርገዋል። ማጣሪያ አይይዘውም፣ አይዘቅጥም። በናይትሪክ ደግሞ ቆርቆሮ እንደ ነጭ ቅባት ሆኖ ማጣሪያውን ይደፍናል። መድኃኒቱ አስቀድሞ መበየጃውን ማንሳት ብቻ ነው። ወርቅ ያለበት ማንኛውም ፈሳሽ ላይ አሞኒያ አይጨመርም፤ ሲደርቅ በትንሽ ንክኪ የሚፈነዳ የወርቅ ውሁድ ይፈጥራል።

የቀረው አረንጓዴ ፈሳሽ በቁርጥራጭ ብረት ላይ ይቀመጣል፤ መዳቡ በብረቱ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ የቀሩት ብረቶች ጭቃ ሆነው ይለያሉ። ይህን ያልተመነ ሰው የወርቁን ዋጋ በትክክል አልተመነም።

ከብር ወደ ወርቅ

ሜዳሊያው በኦሳካ በሚገኘው የጃፓን ሚንት፣ በሳንቲም ማምረቻው፣ ተመረተ፤ ቅርጹ ከ400 በላይ ከቀረቡት የተመረጠው የጁኒቺ ካዋኒሺ ነው። ከ5,000ው ሜዳሊያ ሲሶው ወርቅ ቢሆን የሚያስፈልገው ወርቅ 10 ኪሎ ነው፤ የተዘጋጀው 32 ነበር። ልዩነቱ ስርቆት ወይም ብክነት አይደለም። ብር ከጥቅል ሰሌዳ ላይ በክብ ሲቆረጥ የሚተርፈው ቁራጭ ተመልሶ ይቀልጣል፤ የልባጥ መታጠቢያ ገንዳም ሥራ ሲጀምርም ሲያልቅም ወርቅ ሞልቶበት መቆየት አለበት። የ8 ቶኑና የ2 ቶኑ ልዩነት በዚህ መንገድ ይነበባል። የነሐስ ሜዳሊያው ደግሞ በእውነቱ ነሐስ አይደለም፤ 95 በመቶ መዳብና 5 በመቶ ዚንክ የሆነ ቀይ ናስ ነው።

በኤሌክትሪክ መለበጥ እኩል አይቀባም። ኤሌክትሪኩ ሹል ጠርዝ ላይ ይሰበሰባል፤ ጠርዙ ይወፍራል፣ ጎድጓዳው ይሳሳል። ከላይ ያሰላነው 22 ማይክሮን አማካይ ነው። የኦሎምፒክ ደንብ ወርቁን በውፍረት ሳይሆን በግራም መደንገጉ ተገቢ ነው፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያከራክር ነገር የለም።

በ2021 ነሐሴ የቻይናዋ የትራምፖሊን አሸናፊ ዡ ሹዌዪንግ የሜዳሊያዋ ገጽ መላጡን የሚያሳይ ፎቶ አወጣች። የቶኪዮ አዘጋጆች የተላጠው የወርቁ ልባጥ ሳይሆን ከጭረትና ከእድፍ የሚከላከል ሽፋን ነው ብለው መለሱ። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። 22 ማይክሮን ወርቅ ቢገፍ ብርሃን የማያሳልፍ ቢጫ ቅርፊት ይሆናል፣ በነበልባል ላይ አይቃጠልም፣ ሥሩም ነጭ ብር ይታያል። የቫርኒሽ ሽፋን ግን ይቃጠላል፤ ሥሩ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል፣ 6 ግራሙም በቦታው ነው።